ስምምነት ሁሉ ፍትሕ አይደለም

አሠሪና ሠራተኛ በዋጋ ከተስማሙ በመካከላቸው ሌላ ሰው የሚገባበት ምክንያት አለን? መንግሥትስ ገበያውን እንዲሁ ይተወው ወይስ ዋጋውን ሁሉ እርሱ ይቁረጥ? በዚህ ጥያቄ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ብዙ ተከራክረውበታልና፥ ታሪኩን ለወጣቶች በአጭሩ ላስረዳ አሰብሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1889 ዓ.ም. በሎንዶን ወደብ ዕቃ የሚጭኑና የሚያወርዱ የቀን ሠራተኞች በየማለዳው ከወደቡ በር ላይ ተሰብስበው ይቆሙ ነበር። አለቃው የወደደውን ይጠራል፤ ያልተጠራው ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይመለሳል። የተጠራውም ቢሆን አንዳንድ ቀን የሚሠራው ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ብቻ ነበር። የሰዓቱም ዋጋ 5 ፔንስ ነው። ሠራተኛው ይህን ዋጋ «እሺ» ብሎ ተቀብሏል፤ በጠመንጃ ያስገደደው ወታደር የለም። ነገር ግን «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» እንደሚባለው፥ እሺ ያሰኘው ረኀብ ነበር እንጂ ፈቃዱ አልነበረም።

በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ሠራተኞቹ 6 ፔንስ ይከፈለን ብለው ሥራ አቆሙ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና ወደቡ ጸጥ አለ። በዚያን ጊዜ የ81 ዓመት ሽማግሌ የነበሩት የዌስትሚንስተር ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል ማኒንግ በወደቡ ሹማምንትና በሠራተኞቹ መካከል እየተመላለሱ ለማስማማት ደከሙ፤ በመጨረሻም 6ቱ ፔንስ ተፈቀደ። ይህን ዋጋ የቈረጠው የመንግሥት ዐዋጅ አይደለም፤ ገበያውም ብቻውን አልቈረጠውም። የቈረጠው የድኾች ኅብረትና የሽማግሌ ምክር ነው።

ይሁን እንጂ ሽማግሌ ባልተገኘበት ስፍራ ምን ይደረግ? በዚህ ላይ ካቶሊካውያን ለሁለት ተከፈሉ። በቤልጂግ አገር በሊዬዥ ከተማ የተሰበሰቡት መንግሥት በሕግ ሠራተኛውን ይጠብቀው አሉ። በፈረንሳይ የአንዤ ጳጳስ የነበሩት ፍሬፔል ግን፥ መንግሥት ግፍን ይከልክል እንጂ የቀረውን ለበጎ አድራጎትና ለነጻ ማኅበራት ይተው ሲሉ ተቃወሙ።

የሮማው ፓፓ ሊዮን 13ኛ በሜይ 15 ቀን 1891 ዓ.ም. «ሬሩም ኖቫሩም» የተባለውን መልእክት አወጡ። በእርሱም የግል ሀብት የተፈጥሮ መብት መሆኑን አጸኑ፤ ንብረት ሁሉ የጋራ ይሁን የሚለውንም ትምህርት ነቀፉ። ነገር ግን ደመወዝ ሠራተኛውን በአግባቡ የሚያኖር መሆን እንደሚገባው፥ ከችግር የተነሣ ከዚያ ያነሰውን የሚቀበል ሰውም ግፍ እንደ ተፈጸመበት አስተማሩ። ባለጠጋ ራሱን የሚጠብቅበት ብዙ ጋሻ ስላለው፥ መንግሥት ከሁሉ ይልቅ ለድኻው እንዲያስብ አሳሰቡ።

የፍሬፔል ሥጋት ከንቱ ነበር ለማለት ግን አልደፍርም። በኋላ አገራችንን የወረረው ሙሶሊኒ በ1926 ዓ.ም. በሕግ ሥራ ማቆምን ከለከለ፤ የሠራተኞችንም ማኅበር በመንግሥት እጅ አደረገ። በ1931 ዓ.ም. ደግሞ የካቶሊክ ወጣቶችን ማኅበራት ዘጋ። በዚያው ዓመት ፓፓ ፒዮስ 11ኛ ሁለት ነገር ጻፉ። አንደኛው፥ ልጓም የሌለው ውድድር ኃይልን ሁሉ በጥቂት ባለ ገንዘቦች እጅ እንደሚያከማች ነው። ሁለተኛውም፥ ትንሹ ማኅበር ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ትልቁ ቢነጥቀው በደል መሆኑን ነው።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምማረው ገበያም መንግሥትም ጣዖት ሊሆኑ እንደሚችሉ ነው። ደካማ ሰው ሲወድቅ ቢያይ በመጀመሪያ የሚያነሣው በአጠገቡ ያለው እጅ ይሁን፤ ይኸውም ቤተ ሰቡ፥ ጎረቤቱ፥ ማኅበሩ ነው። እነዚህ ሲያቅታቸው መንግሥት ይድረስ፤ ደርሶም የእነርሱን እጅ ያበርታ እንጂ አይቍረጠው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ነገ አንተም ሠራተኛ የምትቀጥር ትሆን ይሆናል፤ ወይም በሹመት ወንበር ትቀመጥ ይሆናል። ቀጣሪ ብትሆን «ተስማምቷል» ብለህ ኅሊናህን አታስተኛ፤ እንቢ ለማለት ይችል እንደ ነበረ ጠይቅ። ሹም ብትሆን ደግሞ ድኻውን እረዳለሁ ስትል ከድኻው እጅ ምን እንደምትወስድበት አስቀድመህ መርምር።