ውጫሌና ባዕድ መነሻ

እንግሊዝኛ ስንማር ከግስ ፊት የሚለጠፉትን ሁላችንም ሸምድደናል። ‹‹ሪ›› ሲመጣ እንደገና፣ ‹‹ሚስ›› ሲመጣ በስህተት። በአማርኛ ሰዋስው እነዚህ ባዕድ መነሻ ይባላሉ። አገር ያዋጋ ባዕድ መነሻ ግን የምናገኘው ውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ላይ ነው።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል በአማርኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት መጠቀም ‹‹ይቻላቸዋል›› ይላል። ‹‹ቻለ›› ከፊቱ ‹‹ተ›› ሲገባበት ‹‹ተቻለ›› ይሆናል፤ ‹‹ይቻላል›› ስንል ደግሞ ‹‹ተ›› ትዋጥና ‹‹ቻ›› ትጠብቃለች። ይህች የማትታይ ‹‹ተ›› ማንንም አታስገድድም። ምኒልክ ቢፈልጉ በኢጣሊያ በኩል ይልካሉ፣ ባይፈልጉ ይተዋሉ።

ጣሊያንኛው ግን ‹‹ኮንሴንቴ›› ይላል፤ ይስማማሉ እንደማለት። እሱም ባዕድ መነሻ አለው። ‹‹ሴንቲሬ›› መስማት ነው፤ አብሮ የሚል ስሜት ያለው ‹‹ኮን›› ሲጨመርበት መስማማት ይሆናል። የእንግሊዝኛው ‹‹ኮንሰንት››ም የዚያው የላቲን ዘር ነው። የእኛስ ‹‹ተስማማ›› ከ‹‹ሰማ›› አይደል የወጣው? እንግዲህ ጣሊያንኛው ያለውን በአማርኛ ማለት ቢፈለግ ቃሉ ሩቅ አልነበረም፤ የተሠራበት መንገድ እንኳ አንድ ነው።

ጥፋቱን በአስተርጓሚው በግራዝማች ዮሴፍ ንጉሤ ላይ መጣል የሚቀናቸው አሉ። ለእኛ አይዋጥልንም። ሚሲዮናውያኑ ኢዘንበርግና ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1839 በሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ገብተዋል። ኢዘንበርግ የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን በ1841፣ ሰዋስዉን በ1842 ለንደን ላይ አሳተመ። ስለዚህ አማርኛ ለአውሮፓ እንግዳ አልነበረም። ውሉን የተደራደረው ኮንት አንቶኔሊም ሸዋ የመጣው በ1879 ነው፤ ጣሊያኖች ከአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ ላይ ጣቢያ ነበራቸው። 10 ዓመት ሙሉ ከሸዋ ሰው ጋር ጉዳይ ሲፈጽም የኖረ ሰው ‹‹ይቻላል››ን ከ‹‹ይስማማል›› መለየት አቃተው? (‹‹ሚስ›› ብቻውን የማይበቃበት ቦታ ቢኖር ይኸው ነው።)

ምኒልክ ነገሩ የገባቸው ለአውሮፓ ነገሥታት በጻፉት ደብዳቤ መልስ፣ ‹‹በኢጣሊያ በኩል ይሁን›› ሲባሉ ነው። ለንጉሥ ኡምቤርቶ ተቃውሟቸውን ጻፉ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱት። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ሆነ። በቀጣዩ ጥቅምት አዲስ አበባ ላይ የተፈረመውና ውጫሌን የሻረው የሰላም ውል የተጻፈው በአማርኛና በፈረንሳይኛ ነው፤ ጣሊያንኛ አልገባበትም።