የኮምፒዩተር ኃይል ሰጪ ክፍል ምዘና ታሪክ

«ጋን በጠጠር ይደገፋል» እንደሚባለው ሁሉ፣ የጠረጴዛ ኮምፒዩተርም የሚጸናው በተለምዶ ፓወር ሰፕላይ በሚባለው ክፍል ነው። የዚህ ክፍል ተግባር ከሶኬት የሚመጣውን ኤሲ ወደ ዝቅተኛ ዲሲ መለወጥ ነው። ይሁን እንጂ መልካሙን ከደካማው የመለየቱ ጥበብ ከመሣሪያው ዘግይቶ የመጣ ነው።

ቀደም ሲል የነበሩት ኃይል ሰጪዎች በከባድ ትራንስፎርመር የሚሠሩና ትርፉን ኃይል በሙቀት መልክ የሚያባክኑ ነበሩ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1977 ለገበያ የቀረበው አፕል 2 ግን ሮድ ሆልት የነደፈውን፣ 38 ዋት የሚሰጠውንና ቀላሉን የስዊቺንግ ዓይነት ይዞ ወጣ። ዘዴው አስቀድሞም በትልልቅ ኮምፒዩተሮች ላይ ይሠራበት ስለ ነበር ፈጽሞ አዲስ አልነበረም። በ1981 የአይቢኤም ፒሲ 63.5 ዋት፣ በ1983 ደግሞ ኤክስቲ የተባለው 130 ዋት ይዘው ተከተሉ።

የኃይል ፍላጎቱ እያደገ ሲሄድ ብዙው ገዢ በመለያው ላይ የታተመውን ዋት ብቻ ይመለከት ጀመር። ቁጥሩ ግን ያ ኃይል በምን ያህል ሙቀትና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚገኝ አይናገርም። ኢንቴል በ1995 ያወጣው ኤቲኤክስ የተባለው ደንብና ተከታዮቹ መመሪያዎች ግን መለኪያ አበጁ፤ ይኸውም የ12 ቮልቱ መስመር ከ5 በመቶ በላይ ከፍ ዝቅ እንዳይል፣ የሞገዱም መዋዠቅ ከ120 ሚሊቮልት እንዳያልፍ የሚል ነው።

በ2004 የተጀመረው 80 ፕላስ በበኩሉ ብክነትን መዘነ። መሣሪያው በ20፣ በ50 እና በ100 በመቶ ጭነት ቢያንስ 80 በመቶ ብቃት እንዲያሳይ ጠየቀ። በዚህ መጠን 240 ዋት ለመስጠት 300 ዋት ይሳባል፤ ቀሪው 60 ዋት ሙቀት ይሆናል ማለት ነው።

ሆኖም ይህ ምልክት የብቃት እንጂ የደኅንነት ምስክር አይደለም። ምርመራው የሚካሄደው 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ክፍል ውስጥ ነው፤ በአቧራና በሙቀት የታፈነ ሣጥን ግን ከዚያ እጅግ ይግላል። ከአሜሪካ የመጣ፣ መምረጫው በ115 ቮልት ላይ የቀረ አሮጌ መሣሪያም በኢትዮጵያ 220 ቮልት ላይ ቢሰካ፣ የቱንም ያህል ብቃት ቢኖረው ወዲያው ይቃጠላል።

ስለዚህ ባለሙያው መለያውን አንብቦ ብቻ ፍርድ አይሰጥም። መምረጫውን አይቶ፣ ጭነት አሸክሞ፣ ቮልቴጁንና ሙቀቱን ለክቶ ነው መዛኝ የሚባለው። ጠጠሩ የተናደ ዕለት የሚፈሰው የጋኑ ጠላ ነውና።