ዋግሹም፦ ሹመት ያልነበረ ሹመት

ከሰቆጣ እስከ ፃግብጂ ያለው የዋግ አገር በ19ኛው መቶ ዓመት ወረቀቶች ውስጥ ከአገሩ ስም ይልቅ በገዢው ማዕረግ ይታወቃል፤ ዋግሹም። ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ቃል ነው፤ የዋግ ሹም ማለት ነው። ነገር ግን በአማርኛ «ሹም» ሌላ ሰው የሾመው፣ ነገ ሊሽረውም የሚችል ነው። «ሹም ሽር» የምንለው ሁለቱ ስለማይለያዩ ነው፤ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረትም የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ዋግሹም ግን በአጥንት የሚወረስ ነበር። ትውፊቱ እንደሚለው፣ በ13ኛው መቶ ዓመት ዙፋኑ ከዛጔ ወደ ይኩኖ አምላክ ሲዞር ዋግ በውል ለዛጔ ዘር ቀረለት። ስለዚህ ቃሉ ሁለት ባለቤት አለው ባይ ነኝ፦ ቤተ መንግሥቱ «እኔ ሾምኩት» የሚልበት፣ ዋግም «የአባቱ ነው» የሚልበት። (ትግራይ ውስጥ «ሹም ተምቤን»፣ «ሹም አጋሜ» ሲባል ሹሙ ይቀድማል፤ እዚህ ግን አገሩ ይቀድማል።)

የውሉ ትውፊት ኋላ የተቀናበረ የቤተሰብ ክብር ነው የሚል ይኖራል። ይሁን፤ ክርክሬ በእሱ ላይ አልቆመም። ነገሥታቱስ ዋግሹሞችን ይቀጡ አልነበረም ወይ የሚለው ይበልጥ ይከብዳል። ዐፄ ቴዎድሮስ ዋግሹም ገብረ መድኅንን ሰቅለዋል። ነገር ግን ሞቱ ማዕረጉን አልሻረውም፤ ልጁ ዋግሹም ጎበዜ ሸፈተ፣ በ1860 የናፒየር ዘመቻ መዛግብትም በዚሁ ማዕረግ ይጠሩታል። ያው ሰው ግን ንጉሠ ነገሥት ሲሆን ተክለ ጊዮርጊስ ተባለ፤ በእናቱም በኩል የሰሎሞን ዘር ነኝ ይል ነበር። የዋግ አጥንት ለዋግ እንጂ ለዙፋን አልበቃም ማለት ነው። በ1863 በአማቹ በካሳ ምርጫ፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ በተባሉት፣ አድዋ አጠገብ ተሸነፈ። ማዕረጉ ግን ቀጠለ፤ በ1888 አድዋ ከዘመቱት መካከል ዋግሹም ጓንጉል ይገኛል።

የዚያን ዘመን ወረቀቶች የሚለይ መዝገብ አደራጅን የሚያስተው ይኸው በአገር የሚወረስና ከዙፋን የሚሰጥ ማዕረግ ልዩነት ነው። ዋግሹም ከበደ በአገሩ ማዕረግ ሲጠሩ፣ በ1930 ጣሊያንን ሲዋጉ የወደቁት ልጃቸው ኃይሉ ከበደ «ደጃዝማች» ተብለው ተጽፈዋል፤ ይህ ከዙፋን የሚሰጥ ማዕረግ ነው። ማዕረጉን ብቻ አይቶ ፋይል የሚለይ ሰው አባትና ልጅን የሁለት ቤት ሰዎች ያደርጋቸዋል።