የብራስልሱ ሽጉጥና የእንጦጦው ሒሳብ

አዘጋጃችን የዚህን ሳምንት ገጽ ሲሰጠኝ አንዲት ጥያቄ አስይዞ ነው፦ «አንድ ወጣት ከሰው እጅ ሽጉጥ ልግዛ ቢል ዕድሜው ስንት መሆን አለበት?» ለእኔ የመረጠልኝ የአርሲዋ ሁሩታ ልጅ ስለሆንኩ ይመስለኛል። አርሲና ጠመንጃ በአንድ ላይ ሲነሱ ወሬው ዞሮ ዞሮ የአዙሌ ጦርነት ላይ ማረፉ አይቀርም። ሕጉ የሚለውን ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ። አስቀድሜ ግን የአንድ ሽጉጥ ግዢ ታሪክ ላውጋችሁ።

ቦታው ብራስልስ፣ ቀኑ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 10 ቀን 1873 ነው። የ29 ዓመቱ ፈረንሳዊ ገጣሚ ፖል ቬርሌን ጠዋት ከአንድ መሣሪያ መሸጫ ገብቶ 7 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ገዛ። ከፈለ፣ ኪሱ ከተተ፣ ወጣ። በዚያው ቀን፣ ሞቅ ብሎት፣ ጥሎት ሊሄድ በተነሣው ጓደኛው ላይ ሁለት ጊዜ ተኮሰ። አንዱ ጥይት ግድግዳ መታ፤ ሌላው የጓደኛውን የግራ እጅ አንጓ። ተኳሹ ሁለት ዓመት ተፈረደበት። ሽጉጡ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ፓሪስ ላይ ለጨረታ ቀርቦ በ434,500 ዩሮ ተሸጠ።

የተመታው ልጅ 18 ዓመቱ ነበር። ስሙ አርተር ራምቦ።

ሐረርን የጎበኘ ሰው «የራምቦ ቤት» የሚባለውን ሙዚየም አይቶ ይሆናል (ራምቦ እዚያ ቤት ውስጥ አልኖረም፤ ይህን ለአስጎብኚው መንገር ግን ጨዋታ ማበላሸት ነው)። ሃያ ዓመት ግድም ሲሆነው ግጥምን እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ አገር ላገር ሲዞር ቆይቶ፣ በኤደንና በሐረር የቡናና የቆዳ ነጋዴ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1885 መጨረሻ ደግሞ በጥይት የቆሰለው ልጅ ራሱ የጠመንጃ ሻጭ ሆኖ ታጁራ ላይ ቁጭ አለ። ገዢው የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ናቸው።

ንግዱ ከመነሻው የተረገመ ይመስል ነበር። እንግሊዝና ፈረንሳይ በባሕሩ ዳርቻ የመሣሪያ ዝውውር እንዲቆም በመስማማታቸው ቅፍለቱ ወደ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ታጁራ ላይ ታገደ። ሸዋን የሚያውቀው ሸሪኩ ፒየር ላባቱ ታሞ ወደ አገሩ ተመልሶ ሞተ። አብሮት ሊጓዝ የነበረው ፖል ሶሌይ ኤደን መንገድ ላይ ወድቆ ቀረ። ራምቦ ከ2,000 በላይ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ፣ የአፋርን በረሃ ለብቻው አቋርጦ ጥር 1879 ዓ.ም. አንኮበር ገባ። ንጉሡ የሉም፤ ከጨለንቆ ድል በኋላ ከሐረር እየተመለሱ ነበር። በኋላ እንጦጦ ላይ ተገናኙ።

ክርክሩ እዚህ ይጀምራል። ራምቦ በዚያው ዓመት ኤደን ላለው የፈረንሳይ ምክትል ቆንስል በጻፈው ደብዳቤ ተዘረፍኩ ባይ ነው። በችርቻሮ እንዳልሸጥ ተከለከልኩ፣ በጅምላ በረከሰ ዋጋ እንድለቅ ተገደድኩ፣ የሟቹ የላባቱ ዕዳ ከእኔ ሒሳብ ተቀነሰ ይላል። የተረፈውንም የተቀበለው በእጁ አይደለም፤ ሐረር ወርዶ ከደጃዝማች መኮንን እንዲቀበል በወረቀት ታዘዘለት። አበዳሪ ነኝ የሚል ሁሉ ተሰለፈበት። የላባቱ ኢትዮጵያዊት ባለቤት በንብረቱ ተሟገተችው። ራምቦ በንዴት የሟቹን ከ30 በላይ ደብተሮች እሳት ውስጥ ከተተ፤ የንብረት ማስረጃዎች አብረው መቃጠላቸውን የሰማው በኋላ ነው።

ብዙ የአውሮፓ ጸሐፊዎች ይህን ደብዳቤ እንዳለ ተቀብለው «ገጣሚው በአፍሪካዊ ንጉሥ ተጭበረበረ» ብለው ጽፈዋል። እኔ ግን ሁለት ሌሎች ደብዳቤዎችን አጠገቡ አስቀምጬ ነው የማነበው። ታጁራ ሳለ ለቤተሰቡ ሲጽፍ ጠመንጃዎቹ ከአገልግሎት ከወጡ 40 ዓመት የሆናቸው፣ ሊዬዥ ወይም ፈረንሳይ ውስጥ ከአሮጌ መሣሪያ ነጋዴ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ የሚገኙ፣ ለሸዋ ንጉሥ ግን በ40 ፍራንክ ገደማ የሚሸጡ መሆናቸውን አልደበቀም። ንግዱ አልቆ ነሐሴ 1887 (እ.ኤ.አ.) ካይሮ ሲደርስ ደግሞ ከ16,000 ፍራንክ በላይ ወርቅ በመቀነቱ ታጥቆ እየዞረ፣ ተቅማጥ አስያዘኝ ብሎ ያማርራል። ወገቡ ላይ ያን ሁሉ ወርቅ የታጠቀን ሰው ተዘረፈ ማለት ይከብደኛል። ምኒልክ ስለ ጠመንጃ የሚያስረዳቸው አልቸገራቸውም፤ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ አጠገባቸው ነበር። አሮጌ ዕቃ አዩ፣ የአሮጌ ዕቃ ዋጋ ሰጡ፣ ሟች የተበደረውንም ቀነሱ። መርካቶ ውስጥ ይህ ማጭበርበር አይባልም።

የሁሩታ ሰው ሌላ ጥያቄ አለው፦ እነዚያ ጠመንጃዎች እኛ ላይ ተተኩሰዋል ወይ? ቀኑ ይመልሰዋል። የምኒልክ ጦር መሪ ራስ ዳርጌ በሰሜን አርሲ አዙሌ ላይ ድል ያደረጉት እ.ኤ.አ. መስከረም 6 ቀን 1886፣ በእኛ የ1878 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። ራምቦ ያኔ ገና ታጁራ ላይ ዝንብ እያባረረ ነበር። የአርሲውን መሪ የሌንጂሶ ዲጋን ጦረኞች፣ በጦርና በጋሻ ዓመታት የተቋቋሙትን፣ የፈታው ከእርሱ በፊት የገባው ረሚንግተን ጠመንጃ ነው። በአኖሌ ተፈጸመ ስለሚባለው የእጅና የጡት ቆረጣ ሰው ዛሬም ይከራከራል፤ ሐውልቱም በጎረቤታችን ሄጦሳ በ2006 ዓ.ም. ቆሟል። ያ ራሱን የቻለ ገጽ ይፈልጋል።

ከዚያ በኋላ ነፍጡ ውጅግራም ሆነ ምንሽር፣ አልቢንም ሆነ መስኮብ፣ የሚጠየቀው «የማን ሰው ነህ?» ነበር እንጂ «ስንት ዓመትህ ነው?» አልነበረም። ዕድሜን ይቆጥር የነበረው በጦር የተሸነፈው የአርሲ ኦሮሞ ነው። በገዳ ሥርዓት የሰው ዕድሜ በስምንት ስምንት ዓመት ይከፈላል፤ ጎረምሳ አደንና ውጊያ የሚለማመድበት እርከንም የተለየ ነው። ጦር የሚነሣው ተራ ሲደርስ ነበር። አውሮፓውያኑ በበኩላቸው እ.ኤ.አ. በ1890 እዚያው ብራስልስ ተሰብስበው የጠመንጃ ንግድ ሲገድቡ መስፈርታቸው የገዢው ዕድሜ አልነበረም፤ መሬቱ ነበር። ከምድር ወገብ በሰሜን ከ20 ዲግሪ እስከ በደቡብ 22 ዲግሪ ያለው የአፍሪካ ምድር ክልክል ሆነ። ሁሩታ 8 ዲግሪ ላይ ናት።

ወደ አዘጋጁ ጥያቄ ልመለስ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ 18 ዓመት ያልሞላውን አካለ መጠን ያላደረሰ ይለዋል፤ በሬም ሆነ ቤት በራሱ ፈቃድ ቢገዛ ውሉ ሊፈርስ ይችላል። ለጦር መሣሪያ ግን የተለየ አዋጅ አለ፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ታኅሣሥ 30 ቀን 2012 ዓ.ም. ያጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1177። አዋጁ መሣሪያ ለመያዝ የዕድሜ ገደብ ያስቀምጣል፣ አንድ ሰው ሊኖረው የሚችለውን ብዛት ይወስናል፣ ያለ ፈቃድ መያዝን በእስራት ይቀጣል። ግለሰብ በጦር መሣሪያ እንዳይነግድም ይከለክላል።

ስለዚህ የሁሩታው ወጣት ገበያ ዳር ደላላ ጠጋ ብሎ «ንጹሕ ሽጉጥ አለች» ቢለው ዕድሜውን መቁጠር አያስፈልገውም። ንግዱ ራሱ ክልክል ነው፤ ገዢው የ18 ዓመት ልጅ ቢሆንም፣ የ60 ዓመት ሽማግሌ ቢሆንም።