ድምፅና ርስት በአዲስ አበባ

በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በፍልውሃው አጠገብ ቤት ባሠሩ ጊዜ፥ ለመዲናይቱ አስቀድሞ የተነደፈ ሥርዓት አልነበራትም፤ ንጉሡ ግቢያቸውን በጕብታው ላይ ሲያጸኑ፥ መኳንንቱ ደግሞ በየጅረቱ ማዶ የተመሩትን ኮረብታ ይዘው ሰፈሩ። በኮረብታው ራስ የጌታው አዳራሽ፥ ከእርሱ ዝቅ ብሎ የጭፍራው ጎጆ፥ ከሁሉም በታች የእንጨት ለቃሚውና የውኃ ቀጂው ዳስ ይታይ ነበር፤ የራስ ብሩ ሰፈርና የደጃች ውቤ ሰፈር ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ አሰፋፈር ነው።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1907 የወጣው የቦታ ደንብ ግን ምሪቱን በገንዘብ የሚሸጥና የሚለወጥ የግል ርስት አደረገው። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ከእርሱ የሚመጣውን ሁሉ አስበውታል ለማለት ይከብደኛል።

ከጠላት ወረራ በኋላ በ1937 ዓ.ም. የማዘጋጃ ቤቶች ዐዋጅ ታወጀ፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1954 ደግሞ አዲስ አበባ የራሷን ቻርተር ተቀብላ፥ የከተማውን ምክር ቤት አባላት የመምረጥ መብት ለባለርስቶች ተሰጠ። የነገሩ እንብርት ይህ ይመስለኛል። በጌታው አጥር ግቢ ጓሮ፥ ጭድ በተለወሰበት ጭቃ በተመረገች፥ በቆርቆሮ በተከደነች አንዲት ክፍል ውስጥ ስድስትና ሰባት ሆኖ የሚያድር፥ በየወሩም ኪራዩን የሚከፍል ሰው ስለ መንገዱ፥ ስለ ቦዩና ስለ ቧንቧው የሚሰጠው ድምፅ አልነበረውም። ፓርቲ በሌለበት በዚያ ዘመን ዕጩው የሚመዘነው ከመርሐ ግብሩ ይልቅ በስሙና በይዞታው ነበር፤ የቦታ ግብር ይጨመር የሚል አሳብ ቢነሣም፥ አሳቡን የሚመረምሩት የግብሩ ከፋዮች የመረጧቸው ሰዎች ነበሩ። ባለርስት በገዛ እጁ ግብሩን ያበዛል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ንድፍስ አልታጣም። ለንደንን የነደፈው እንግሊዛዊው አበርክሮምቢ የቀለበት መንገዶችንና የዙሪያ ከተሞችን አሰበ፤ ከእርሱ በኋላ የመጣው ፈረንሳዊው ደ ማሪየን ከማዘጋጃ ቤቱ እስከ ለገሃር የሚወርደውን ሰፊ ጎዳና የንድፉ አከርካሪ አደረገው። ይሁንና በካርታው ላይ የተሠመረው መሥመር ሁሉ በአንድ ሰው ርስት ላይ ማለፉ የማይቀር ስለ ሆነ፥ ካሣ የሚከፍልበት በቂ ገንዘብ የሌለው ማዘጋጃ ቤት እጁ የታሰረ ነበር።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፤ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑትም ቤቶች ነዋሪዎቹ ለሚመርጡት ቀበሌ ተሰጡ። በዚህም ጊዜ የትናንቱ ተከራይ ድምፅ አገኘ፤ ነገር ግን ኪራዩ እጅግ ዝቅ ያለ ነበርና፥ የቀበሌው ሊቀ መንበር የዘመመውን ግድግዳ ለማቃናትና የሞላውን የመጸዳጃ ጉድጓድ ለማስመጠጥ ገንዘብ አጠረው።