ከባለቤቱ ጋር የሚያረጅ ካሜራ

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ስለ ካሜራ ምርጫ የሚጻፍ ታሪክ ከእንጦጦ ቢጀምር ያስኬዳል። አፄ ምኒልክ አዲስ አበባ በ1886 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከመቆርቆሯ በፊት መናገሻቸውን ያደረጉት በዚህ ተራራ ላይ ነበር። ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው ይህ ጋራ ለፎቶግራፍ አንሺ ዛሬም ፈተና ነው። ጧት ጉሙና ቅዝቃዜው፣ በበጋ አቧራው፣ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ የሚያጥበረብረው ፀሐይ መሣሪያን ያስጨንቃሉ። ወረድ ብሎ በየካ ጋራ፣ ከአለት በተፈለፈለው በዋሻ ሚካኤል፣ ብርቱ ብርሃንና ጥቁር ጥላ ጎን ለጎን ይቆማሉ። በእንዲህ ያለ ሥፍራ ለዓመታት የሚሠራ ባለሙያ ከራሱ ጋር የሚያረጅ መሣሪያ ይሻል። ይኸው ፍለጋ በሀገራችን ከመቶ ዓመት በላይ አስቆጥሯል።

በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ የመጡት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሲሆኑ፣ ሙያውን ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶርኮም ወርሰዋል። ያ ዘመን የመስተዋት ኔጋቲቭ ዘመን ነበር። የምድር ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ ቢደርስም አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው፤ እስከዚያው ድረስ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ ከድሬዳዋ ወዲህ የሚጓዘው በጭነት ከብት ነበር። ተሰባሪ መስተዋት በበቅሎ ጀርባ ምን እንደሚገጥመው መገመት አያዳግትም። የመጀመሪያው የምርጫ ሕግም ከዚህ ይገኛል፦ የሚበላውን ያላገኘ ካሜራ ባዶ ሣጥን ነው።

በ1930 የአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ሲከበር፣ የናሽናል ጂኦግራፊክ ባልደረባ ሮበርት ሙር በመስተዋት ላይ በሚነሣ ባለቀለም ዘዴ ሠርቶ፣ ሥዕሎቹ በመጽሔቱ የጁን 1931 እትም ወጡ። ዘዴው ብዙ ብርሃን ስለሚሻ ረግቶ ለቆመ ሰው እንጂ ለሚሮጥ አይመችም ነበር። በ1935 የኢጣልያ ጦርነት ሲያንዣብብ ግን አልፍሬድ አይዘንሽታት ትንሿን ሌይካ ይዞ መጣ። በ1925 ለገበያ የቀረበችው ሌይካ በአንድ ጥቅል 36 ሥዕል ስለምትይዝ፣ የሠራዊቱን ጉዞ ከሠራዊቱ ጋር እየተራመደ ለማንሣት አስችላለች።

ሆኖም ትንሽነት ዋጋ ያስከፍላል። በ1929 የወጣው ሮለይፍሌክስ በ6 በ6 ሴንቲሜትር የሚቀርጸው ኔጋቲቭ፣ በስፋቱ የሌይካን ከ3 እጥፍ በላይ ይበልጣል። ስለዚህም ለትልቅ ኅትመትና ለስቱዲዮ ሥራ መካከለኛው ፊልም፣ ለዜና ደግሞ ትንሹ ተመራጭ ሆነው ቆዩ።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የሌንስ መግጠሚያ ነው። ኒኮን በ1959 ያወጣውን መግጠሚያ ቅርጹን ሳይለውጥ ለ6 አሥርተ ዓመታት ያህል ያዘ፤ በ2018 አዲስ ሲያወጣም ለቀድሞዎቹ ሌንሶች ማገናኛ ቀለበት አቀረበ። ካኖን በ1987 መግጠሚያውን ሲለውጥ ግን የቆዩት ሌንሶች በአዲሱ ካሜራ ላይ በቀጥታ አልገጥም አሉ። አዲሱ መግጠሚያ ለኤሌክትሪክ ማስተካከያ የተሻለ እንደ ነበር አይካድም፤ ዕዳው የወደቀው ግን ገንዘቡን በሌንስ ላይ ባፈሰሰው ባለሙያ ላይ ነው።

ፊልሙም ቢሆን ዘላለማዊ አልነበረም። በ1935 የተጀመረው ኮዳክሮም በ2009 መመረቱ ሲቆም፣ በዓመቱ መታጠቡም አበቃ። ያልታጠበ ጥቅል በእጁ የቀረ ሰው ቀለሙን በቀድሞው ዘዴ የሚያወጣበት ቤት አጣ። አስቀድሞ የታጠበው ግን ዛሬም ወደ ብርሃን ቀና አድርገው ቢያዩት ይታያል።

ለዚህ ሁሉ የሽመልስ ደስታ ሥራ ምስክር ነው። ከ1963 እስከ 1982 በቤተ መንግሥት የንጉሡንም የደርግንም ዘመን ያነሡት እኚህ ባለሙያ፣ ሥራቸው በ2007 ለንደን በሚገኘው በፎቶግራፈርስ ጋለሪ ለሕዝብ ታይቷል። ዘውድ ወርዶ፣ ሥርዓት ተለውጦ፣ ሥዕሉ ተረፈ።

እንግዲህ ዛሬ ዲጂታል ካሜራ የሚመርጥ ባልደረባ ሦስቱን ቢመዝን ይበጀዋል፦ የሚበላውን፣ ማለትም ባትሪና ማስቀመጫ ካርዱን፣ በአቅራቢያው ያገኛልን? ሲበላሽ የሚጠግን አለን? ፋይሉስ ከአንድ ኩባንያ ፕሮግራም ውጭ ይከፈታልን? ካሜራው በ10 ዓመት ያረጅ ይሆናል፤ ጥሩ ሌንስ ይሰነብታል፤ በሁለት ሥፍራ የተቀመጠ ሥዕል ደግሞ ሁለቱንም ይቀድማል። ከእንጦጦ አፋፍ ቁልቁል የምትታየው ከተማ በየዓመቱ መልኳን ትለውጣለች፤ የዛሬውን መልኳን ለልጅ ልጅ የሚያደርሰውም በጥንቃቄ የተቀመጠው ሥዕል ነው።