ጄነሲስ፦ የጊታሪስቶች መፈራረቅና የዘፈን ደራሲነት

ጄነሲስ እ.ኤ.አ. በ1967 በእንግሊዙ ቻርተርሃውስ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የተመሠረተ የፕሮግረሲቭ ሮክ ባንድ ነው። የመጀመሪያው ሊድ ጊታሪስት አንቶኒ ፊሊፕስ የመድረክ ፍርሃት ስለበረታበትና ጤናውም ስለታወከ በ1970 ለቀቀ። ሚክ ባርናርድ ለጥቂት ወራት ከተካው በኋላ፣ በሜሎዲ ሜከር የሙዚቃ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አውጥቶ የነበረው ስቲቭ ሃኬት ቦታውን ያዘ።

በዚያ ዘመን ድርሰቱ በጅምላ የባንዱ ተብሎ ይመዘገብ ነበር። አሠራሩ ለወዳጅነት ቢበጅም የእያንዳንዱን ሰው እጅ ይሸፍናል። ፊሊፕስና የቤዝ ተጫዋቹ ማይክ ራዘርፎርድ የጀመሩት «ዘ ሚዩዚካል ቦክስ» የተሰኘ ዘፈን በ1971 ሲታተም የፊሊፕስ ስም አልነበረበትም። የ«ፈርዝ ኦፍ ፊፍዝ» (1973) ዝነኛ የጊታር ሶሎም ዜማው የኪቦርድ ተጫዋቹ የቶኒ ባንክስ ነው፤ መጀመሪያ በፍሉት ይሰማል፣ በኋላ ሃኬት ኖታዎቹን እያስረዘመ የራሱ ያደርገዋል። አድማጭ ሃኬትን ብቻ ቢያስታውስ አይፈረድበትም።

ከ1976ቱ «አ ትሪክ ኦፍ ዘ ቴይል» አልበም ጀምሮ የደራሲዎቹ ስም በየዘፈኑ ይጻፍ ጀመር። ሃኬት ድርሰቶቹ በበቂ ስላልተካተቱለት በ1977 ወጣ። በስቱዲዮ ራዘርፎርድ ከቤዙ በተጨማሪ ሊድ ጊታሩንም ያዘ፤ ለኮንሰርት ግን አሜሪካዊው ዳሪል ስተርመር ተጠራ።